በሁለት ግድግዳ መካከል ያለችው መሬት
(ስለ ጎረቤት ሐቅና ስለ ከተማችን መታደስ)

 



የመስጂዳችን ኮሚቴ ለዚህ መታሰቢያ መጽሔት ከታሪክ አንድ ነገር እንድጽፍ ባዘዘኝ ጊዜ፣ ስለ ግንቡ፣ ስለ ሚናራውና ስለ መድረሳው የሚጽፉ ወንድሞች እንደማይጠፉ አውቄ ከግንቡ ውጭ ያለውን መረጥሁ። ይኸውም በመስጂድና በጎረቤት፣ በቤትና በቤት፣ በፎቅና በፎቅ መካከል የምትቀረው ጠባብ መሬት ናት። «እንዲህ ያለች ቁራሽ መሬት ምን ታሪክ አላት?» የሚል ቢኖር፣ መልሱ «አላት፤ እንዲያውም የከተማችን ታሪክ እኩሌታው በእርሷ ላይ የተጻፈ ነው» የሚል ይሆናል።

እስቲ ከአትላስ ወደ ሃያ ሁለት ወይም ወደ ቦሌ መድኃኔ ዓለም ስትሄዱ ግራና ቀኙን ተመልከቱ። በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ግቢና አትክልት የነበራቸው ቪላዎች በነበሩበት ላይ ፎቆች ቆመዋል። እያንዳንዱ ፎቅ የራሱ አጥር፣ የራሱ በር፣ የራሱ ዘበኛ፣ የራሱ ጄኔሬተርና የራሱ መኪና ማቆሚያ አለው። በሁለቱ አጥሮች መካከል ግን ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ጎኑን አዙሮ እንኳ በችግር የሚያልፍባት ክፍተት ትቀራለች። ቆሻሻ ይጣልባታል፤ በክረምት ውሃ ይቋጥርባታል፤ የአንዱ ፍሳሽ ወደ ሌላው መሠረት ይሰርግባታል። የሁለቱም ናት፤ ለሁለቱም ግን አትጠቅምም። ሁለቱ ባለይዞታዎች ቢስማሙባት ግን መተላለፊያ፣ የብርሃንና የአየር መግቢያ፣ የጎርፍ መውረጃ፣ በአደጋም ጊዜ ሰው ማውጫ በሆነች ነበር።

በዚህ ጽሑፍ ላስረዳ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። ከተማ የሚታደሰው አሮጌውን በማፍረስና አዲሱን በመገንባት ብቻ አይደለም። ጎረቤቶች በመካከላቸው ያለውን ስፍራ በስምምነት ሲጋሩም ይታደሳል። ጎረቤቶች ሳይስማሙበት የቀሩትን ስፍራ ደግሞ አንድ ቀን ሌላ አካል መጥቶ ይወስንበታል። ይህን ከመዲና ጀምረን፣ በሐረር አልፈን፣ እስከ ሰፈራችን ድረስ እንመልከት።

በመዲና

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ወደ መዲና በተሰደዱ ጊዜ መስጂዳቸውን የሠሩበት መሬት የሁለት የቲሞች፣ የሰህልና የሱሀይል ነበር። ልጆቹ መሬቱን በነፃ ሊሰጡ ቢፈልጉም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በዋጋ ካልሆነ አልወሰዱትም። የመጀመሪያው የከተማ ሥራችን የጀመረው እንግዲህ የሰው ይዞታ በማክበር ነው። የባለቤቶቻቸው ቤቶችም ከመስጂዱ ግድግዳ ጋር ተያይዘው ተሠሩ። በመስጂድና በመኖሪያ መካከል ባዶ ሜዳ አልነበረም።

ይሁን እንጂ ይዞታን ማክበር ማለት በጎረቤት ላይ በር መዝጋት ማለት አይደለም። አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ.) ባስተላለፉትና ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ፣ ማንም ሰው ጎረቤቱ በግድግዳው ላይ የቤቱን ወጋግራ እንዳያሳርፍ እንዳይከለክለው ታዟል። ነገሩን አስቡት። ግድግዳው የአንዱ ነው፤ የሌላው ጣሪያ ግን ያርፍበታል። ሁለት ግድግዳ፣ ሁለት መሠረትና በመካከሉ የጠፋ ክንድ መሬት ሊሆን የነበረው አንድ ግድግዳ ይሆናል። መዝሀቦች በዚህ ላይ ተነጋግረዋል። ኢማም አሕመድ ትእዛዙን ግዴታ አድርገው ሲይዙት፣ የሐነፊና የማሊኪ መዝሀብ፣ ኢማሙ ሻፊዒም በኋለኛው አስተያየታቸው፣ የተወደደ ነው እንጂ የሚያስገድድ አይደለም ብለዋል። ባለግድግዳው መጎዳት እንደሌለበት ሁሉም ይስማማሉ። ልዩነቱ በማስገደዱ ላይ እንጂ በደግነቱ ላይ አይደለም።

ኢማም ማሊክ በሙወጣእ ውስጥ የመዘገቡት ደግሞ ከዚህ ይልቅ ለእኛ ዘመን የቀረበ ነው። ደሓክ ኢብኑ ኸሊፋ የውሃ ቦይ ሊያሳልፉ ፈለጉ፤ ቦዩ የሚያልፈው ግን በሙሐመድ ኢብኑ መስለማ መሬት ላይ ነበር። ባለመሬቱ እምቢ አሉ። ነገሩ ከኸሊፋው ከዑመር (ረ.ዐ.) ዘንድ ደረሰ። ዑመርም ውሃው ለባለመሬቱ ጭምር እንደሚጠቅም፣ ከመጀመሪያውም ከመጨረሻውም እንደሚያጠጣበት፣ ምንም እንደማይጎዳው አስረዱ። ባለመሬቱ አሁንም ባይቀበሉ ቦዩ በግድ እንዲያልፍ ወሰኑ። እዚህ ላይ ዑመር ሦስት ነገር እንደጠየቁ ልብ በሉ፦ ለጠያቂው ያስፈልገዋልን? ለባለመሬቱ ይጠቅመዋልን? ይጎዳዋልን? የዛሬ መሐንዲስና ዳኛም ከዚህ የተሻለ ጥያቄ የላቸውም።

በመንገድ ላይ ክርክር በተነሳ ጊዜም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ስፋቱ ሰባት ክንድ እንዲሆን እንደፈረዱ በሁለቱ ሶሒሖች ተዘግቧል። ሰባት ክንድ ከሦስት ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ዑለማዎች ሲያብራሩት ጭነት የያዘ ከብት ወዲያና ወዲህ የሚያልፍበት ያህል ነው ይላሉ። በአዲስ አበባ የእሳት አደጋ መኪና የማይገባባቸውን የውስጥ ለውስጥ መንገዶች ስታዩ ይህ ልክ ትዝ ይበላችሁ።

በኢማም አሕመድ ሙስነድ ውስጥ ደግሞ፣ ዑለማዎች በሰነዱ ላይ ቢነጋገሩም፣ የዐባስ (ረ.ዐ.) አሸንዳ ታሪክ ይገኛል። ከዐባስ ጣሪያ የሚወርደው ውሃ ወደ ጁሙዓ ይሄዱ በነበሩት በዑመር ላይ ፈሰሰ፤ ዑመርም አሸንዳው እንዲነሳ አዘዙ። ዐባስ ግን ያን አሸንዳ ያስቀመጡት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ራሳቸው መሆናቸውን ነገሯቸው። ዑመር በድንጋጤ ዐባስን በትከሻቸው ላይ ወጥተው ወደ ቦታው እንዲመልሱት ለመኗቸው ይባላል። ኸሊፋው የሕዝብን መንገድ ሲጠብቁ የጎረቤትን የቆየ መብት አልደፈጠጡም።

ከእነዚህ ሥሮች አንድ ሙሉ የዕውቀት ዘርፍ በቀለ። በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ በቱኒስ ኢብኑ ራሚ የሚባል ግንበኛ ነበር። ቃዲዎች የግድግዳ፣ የመስኮት፣ የፍሳሽና የመንገድ ክርክር ሲመጣላቸው እርሱን ልከው ያስመረምሩ ነበር። እርሱም የሚያውቀውን በመጽሐፍ አሰባሰበ። ጭሱ ጎረቤትን የሚያፍን ምድጃ፣ የሰው ቤት ውስጥ የሚያሳይ መስኮት፣ ግድግዳን የሚያነቃንቅ ወፍጮ ይከለከላሉ፤ የማይጎዳው ግን ይፈቀዳል። ከተማውን የሠራው ከላይ የተሳለ ፕላን ሳይሆን በጎረቤትና በጎረቤት መካከል የተደረገ ስምምነትና ፍርድ ነበር።

በሐረር

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ታሪክ ነው እንዳይባል ወደ ሐረር እንሂድ። የጁገል ግንብ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ኢብኑ ሙጃሂድ ዘመን እንደተሠራ ይታወቃል። በውስጡ ያለው ከተማ 48 ሄክታር ያህል ሲሆን፣ የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘግበው 82 መስጂዶች እንዳሉት ጠቅሷል። ሒሳቡን ሥሩት፤ በእያንዳንዱ ሄክታር ከአንድ በላይ መስጂድ ማለት ነው። እንዲህ የተጠጋጋ ነገር ሊኖር የቻለው እያንዳንዱ መስጂድ ትንሽ ሆኖ በጎረቤቶች መካከል ስለ ተቀመጠ ነው።

የሐረር ባህላዊ ቤቶች ለመንገዱ ጀርባቸውን ሰጥተው በአንድ ግቢ ዙሪያ ይሰበሰባሉ። በሩ አንድ፣ ግቢው የጋራ፣ ቤቶቹ ግን የየራስ ናቸው። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ሆኖም ለእግረኛና ለአህያ ይበቃ ነበር፤ ጥላም ይሰጣል። ይህን የጋራ ኑሮ የሚያስተዳድረው ደግሞ ሠርግና ሐዘንን የሚያሰባስበው አፎቻ ነው። ትምህርቱ እዚህ ላይ ነው። የጋራ ስፍራ የሚበረክተው የሚጠብቀው ማኅበር ሲኖረው ነው። ግድግዳው ብቻውን አያኖረውም።

በአዲስ አበባ

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ገደማ ስትቆረቆር የተመሠረተችው በሰፈር ነው። ቃሉ ራሱ የጦር ሰፈርን ያስታውሳል። መኳንንቱ በየኮረብታው ግቢ ተሰጣቸው፤ ሎሌውና ባለሙያው በዙሪያቸው ሰፈረ። ደጃች ውቤ ሰፈርን የመሰሉ ስሞች የዚያ ዘመን ቅሪት ናቸው። ከዚህ የተነሣ በከተማችን ባለጸጋና ድኻ፣ ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ አጥር ግራና ቀኝ ኖረዋል። ይህ ብዙ ከተሞች ያላገኙት ጸጋ ነው።

ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየበት ጊዜ ይህን ሊለያይ ሞክሮ ነበር። አገሬውን ከአውሮፓውያን ለይቶ ለማስፈር አቀደ፤ ገበያውንም ወደ ምዕራብ ወስዶ መርካቶን አቋቋመ። ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት የሚሠራው ድርጅቱ ኢንቺስ ይባል ስለ ነበር «ካዛ ኢንቺስ» የተባለው ስፍራ በእኛ አፍ ካዛንቺስ ሆነ። ዕቅዱ ሳይፈጸም ወራሪው ወጣ። ዛሬ በዚያው በመርካቶ ታላቁ አንዋር መስጂድና የቅዱስ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጎረቤታሞች ናቸው። ጁሙዓ ሲሆን በአካባቢው ያለው መንገድ በሰጋጅ ይሞላል፤ በንግሥ ቀን ደግሞ በምእመናን ይሞላል። አንድን መሬት በተለያየ ቀን መጋራት ማለት ይህ ነው።

ከዚያ በኋላ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የጎረቤትን ነገር በስፋት ደነገገ። ከመልካም ጉርብትና ልክ ያለፈ ጭስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታና ጩኸት ባለቤቱ በጎረቤቱ ላይ እንዳያደርስ ከለከለ። ይህን ያነበበ የፊቅህ ተማሪ የኢብኑ ራሚን ምድጃና ወፍጮ ማስታወሱ አይቀርም።

በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት ሆኑ። ለመኖሪያ የሚፈቀደው ቦታ እስከ 500 ካሬ ሜትር ሆነ፤ ዝቅተኛ ኪራይ ያላቸው ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። በብዙ ግቢዎች ቧንቧው፣ ማድ ቤቱና መጸዳጃው የብዙ ቤተሰብ መጠቀሚያ ሆነ። ይህ መጋራት ነበር፤ ነገር ግን በስምምነት ሳይሆን በችግር የመጣ መጋራት ነው። ኪራዩ ትንሽ በመሆኑ ማደሻ ገንዘብ አልነበረም፤ ተከራዩም ቤቱ የራሱ ስላልሆነ አያድሰውም። የሁሉም የሆነው የማንም ሳይሆን ቀረ። ሆኖም ፍትሐዊ እንሁን፦ በእነዚያው ግቢዎች ቡናው በጋራ ተጠጥቷል፤ እድሩ ቆሟል፤ የኢድና የፋሲካ ምግብ በሳህን ተመላልሷል። የጎደለው መዋደድ ሳይሆን ሥርዓትና ኃላፊነት ነበር።

ሥርዓት ሲጨመርበት ምን እንደሚሆን ደግሞ በ1981 ዓ.ም. ገደማ ታይቷል። ወይዘሮ ጀምበር ተፈራ የመሩት የከተማ ልማት ፕሮጀክት በድኻ ቀበሌዎች ገብቶ፣ ነዋሪውን ሳያፈናቅል፣ ቤቶችን አደሰ፤ የጋራ ማድ ቤት፣ መጸዳጃ፣ የእግር መንገድና የፍሳሽ መውረጃ ሠራ። የታደሰው ቤቱ ብቻ ሳይሆን በቤትና በቤት መካከል ያለው ስፍራም ነበር። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህም ብዙ ሰፈሮች ገንዘብ አዋጥተው በራቸውን በኮብልስቶን አንጥፈዋል። ያን ድንጋይ የረገጠ ሁሉ መጋራት ምን እንደሚያፈራ በእግሩ አውቆታል።

በዚሁ በቦሌ፣ ገርጂ ላይ፣ የጋራ መኖሪያ ቤት በሙከራ ተሠራ፤ በ1996 ዓ.ም. ገደማም ሰፊው የኮንዶሚኒየም መርሐ ግብር ተጀመረ። ሕጉ፣ አዋጅ ቁጥር 370/1995፣ ደረጃውን፣ ጣሪያውንና ግቢውን የሁሉም የጋራ አድርጎ ባለቤቶቹ በማኅበር እንዲያስተዳድሩት ደነገገ። በየሳይቱም ለእርድ፣ ለድግስ ምግብ ማብሰያ፣ ለልብስ ማጠቢያና ለሐዘን የሚሆን የጋራ ቤት ተሠራ። ማኅበሩ በበረታበት ቦታ ግቢው አበባ ሆኗል፤ በደከመበት ቦታ ደግሞ ከቀበሌው ግቢ የተለየ አልሆነም።

ፎቆቹን በዋና መንገዶቻችን ላይ ያበዛው ግን ሌላ ነገር ነው። በ1986 ዓ.ም. የሊዝ አዋጅ ከወጣ ወዲህ መሬት በካሬ ሜትር ዋጋ ወጣለት። በካሬ ሜትር የከፈለ ሰው እስከ ወሰኑ ጫፍ ድረስ ቢገነባ አይገርምም። የግንባታ ደንቡ መስኮት ያለው ግድግዳ ከወሰን እንዲርቅ ያዛል፤ ስለዚህ አንዱ ትንሽ ይተዋል፣ ሌላውም ትንሽ ይተዋል፣ በመካከሉ አጥር ይቆማል። ሁለቱ የተዉት ተደምሮ መንገድ ሊሆን ሲችል ተከፍሎ ጉድጓድ ይሆናል።

የካዛንቺስ ትምህርት

በ2016 ዓ.ም. በከተማችን የኮሪደር ልማት ተጀመረ። ፒያሳና አራት ኪሎ፣ ከቦሌ እስከ መገናኛ ያለው መንገድም ተቀየረ። ብዙ አጥሮች ወደ ኋላ ተስበው ወይም ተነስተው የእግረኛ መንገድና አረንጓዴ ስፍራ ሆኑ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ጎረቤታችን ካዛንቺስ ተነሣች። መንገዱ መስፋቱን፣ ሕፃንና አዛውንት ያለ ስጋት መሄዳቸውን የሚክድ የለም። ነገር ግን አብረው የኖሩ ጎረቤቶች በየአቅጣጫው ተበትነዋል፤ እድሮች ተከፍለዋል፤ በአንድ ሶፍ ይሰግዱ የነበሩ ሰዎች ዛሬ በተለያየ የከተማዋ ዳርቻ ይሰግዳሉ። ሽማግሌዎቻችን «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» ይላሉ፤ ሕንፃ በሁለት ዓመት ይቆማል፣ ጎረቤት ግን በሠላሳ ዓመት ነው የሚገነባው።

ይህን ስል በማንም ላይ ለመፍረድ አይደለም። ጥያቄው ለራሳችን ነው። አጥራችንን በራሳችን ፈቃድ አንድ ክንድ ብንስብ፣ መተላለፊያውን በራሳችን ብንከፍት፣ ፍሳሹን በጋራ ብናስወርድ ኖሮ ሰፈር ሳይበተን የሚታደስበት መንገድ በኖረን ነበር። የተበተነውን መመለስ አንችልም። አትላስ ግን ገና በእጃችን ናት።

የመስጂዱ ጉዳይ

ምናልባት ከእናንተ መካከል «መስጂድ ወቅፍ ነው፤ የወቅፍ መሬት እንዴት ለጎረቤት ይሰጣል?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ትክክል ነው። ዑመር (ረ.ዐ.) የኸይበር መሬታቸውን ወቅፍ ባደረጉ ጊዜ መሬቱ እንዳይሸጥ፣ በስጦታም እንዳይተላለፍ፣ እንዳይወረስም ተደንግጓል። እኛም የመስጂድ መሬት ይሰጥ አንልም። ነገር ግን መሬት መስጠት ሌላ ነው፤ ወቅፉ ሳይነካና ሳይጎዳ ጎረቤት እንዲያልፍበት ወይም ውሃው እንዲወርድበት መፍቀድ ሌላ ነው። ይህም ቢሆን በዑለማ ምክር፣ በጽሑፍና በምስክር፣ ወቅፍነቱ በግልጽ ተጠቅሶ ሊደረግ ይገባዋል። ካልተጻፈ የዛሬው ቸርነት የነገ ልጆቻችን ክርክር ይሆናል።

መጋራትም ወሰን አለው። የሴቶችን መኖሪያ የሚያሳይ መስኮት፣ የጎረቤትን እንቅልፍ የሚነሣ ጩኸት፣ መሠረትን የሚያረጥብ ፍሳሽ መጋራት አይባልም፤ ጉዳት ነው። ጉዳት ደግሞ በሸሪዓችን በአንዱም በሌላውም ላይ አይፈቀድም።

ደግሞም ከመጠየቃችን በፊት ያለብንን እንክፈል። በጁሙዓ ቀን መኪናውን በጎረቤት በር ላይ አቁሞ ኹጥባ የሚያዳምጥ ሰው የጎረቤትን ሐቅ በደጁ ላይ ጥሎ ገብቷል። የውዱእ ውሃችን ወደ ማን ግድግዳ እንደሚወርድ መመርመር የኮሚቴው ብቻ ሳይሆን የጀማዓው ሁሉ ሥራ ነው። ጎረቤቱ ሙስሊም ቢሆን ባይሆን ሐቁ ያው ነው፤ ቁርኣን ዘመድ ለሆነውም ላልሆነውም ጎረቤት በጎ እንድንውል አዞናልና።

ስለዚህ ለመስጂዳችን ጀማዓና ለአካባቢው ባለሕንፃዎች ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ማንኛችንም አጥር ከማቆማችን ወይም ከማደሳችን በፊት ከጎረቤታችን ጋር ቁጭ ብለን እንነጋገር፤ አንድ ግድግዳ ለሁለት የሚበቃ ከሆነ ሁለት አንሥራ። ሁለተኛ፣ በአጥሮች መካከል ያለውን ክፍተት በጋራ አጽድተን፣ የጎርፍ መውረጃ አድርገን፣ የሚቻል ከሆነም ለእግረኛ እንክፈተው። ሦስተኛ፣ በጁሙዓና በኢድ ቀን መኪና ማቆሚያቸውን የሚፈቅዱልን ጎረቤቶች ሠርግ ወይም ሐዘን ሲገጥማቸው እኛም ወቅፉ የሚፈቅደውን ያህል በስፍራም በጉልበትም እንድረስላቸው። ለዚህ ሁሉ ከመስጂዱም ከጎረቤቶቹም የተውጣጣ፣ እንደ ሐረር አፎቻ የሚጠብቀው፣ አነስተኛ ኮሚቴ ያስፈልጋል።

ውድ አንባቢያን! ሙሐመድ ኢብኑ መስለማ ቦዩን እምቢ ያሉት ክፉ ሰው ስለ ነበሩ አይደለም፤ ከታላላቅ ሰሓቦች አንዱ ናቸው። መሬት ነገሩ እንዲህ ነው፤ ደጉን ሰው እንኳ ያስጨንቀዋል። ልዩነቱ በመካከላቸው የሚያስታርቅ ዑመር መኖሩ ነበር። እኛ ዑመር የለንም፤ ዑመር የጠየቋቸው ሦስት ጥያቄዎች ግን በእጃችን አሉ።

አላህ ጉርብትናችንን ያሳምርልን፤ ከሰፈር የተበተኑትን በያሉበት መልካም ጎረቤት ይስጣቸው፤ ቤቶቻችንንም በመካከላቸው ያለውንም መሬት በረካ ያድርግልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።